ከችካሉ ውጭ የቆጠርኩት

ውድ መምህሬ፣

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ስጽፍልዎ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱም ለሰላምታ ባለመሆኑ አፍራለሁ። ከመሥሪያ ቤት ይደውሉልዎታል። ከነሱ በፊት ከኔ እንዲሰሙት ብዬ ነው።

የዛሬ አሥር ዓመት ከወንዙ ማዶ ያለውን ደን ዕፅዋት ስንቆጥር፣ እርስዎ በሜትር እየለኩ አራት ችካል ይተክላሉ፤ እኔ ተንበርክኬ በችካሎቹ መካከል የበቀለውን እየቆጠርኩ እጠራለሁ፤ እርስዎ ይጽፋሉ። በየቅጠሉ ስለምዘገይ «አንቺ ልጅ፣ ለቆጠራ ነው የመጣሽው ወይስ ለእጮኝነት?» ይሉኝ ነበር። አሥራ አራተኛው ቦታ ላይ ነጭ ኦርኪድ አየሁ። እስከዚያ ቀን በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ቅጠሉ መሬት ላይ ተለጥፏል፤ አበባው ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ችግሩ፣ አሥራ አንዱም የበቀሉት ከችካሉ ሁለት እርምጃ ወጣ ብለው ነው። ውስጥ አንድም አልነበረም። ያ ደን ያለ እሱ ሲመዘገብ ማየት አላስቻለኝም፤ «ኦርኪድ፣ አሥራ አንድ» ብዬ ጠራሁ። ቀና እንኳ ሳይሉ ጻፉልኝ።

ዘንድሮ ሌሎች ባለሙያዎች ያንኑ ቦታ ደግመው ቆጠሩ። አሥራ አንድ የነበረው ዜሮ ሆነባቸው። የደን ጠባቂው አበባው ተነቅሎ ሲሸጥ አይቶ እንዳላየ ሆኗል ተብሎ ከሥራ ታገደ። «ይኸው እዚህ አለላችሁ!» ብሎ እየጎተተ ቢያሳያቸው፣ ከችካል ውጭ ያለ አይቆጠርም አሉት። እውነታቸውን ነው፤ እርስዎም እኛን ያስተማሩን እንዲሁ ነው።

ቅዳሜ ጠባቂው ቤት ሄድኩ። የጓሮ በር እየጠገነ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። መዶሻውን አስቀመጠና «ለመሆኑ ለምን ዋሸሽ?» አለኝ።

«ደስ ብሎኝ ነው» አልኩት። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

«ታዲያ ደስ ይበልሻ! በአንቺ ደስታ እኔ ለምን እባረራለሁ?»

ከሱ ቤት ስወጣ ደኑ ገባሁ። ኦርኪዶቹ ሃያ ሦስት ሆነዋል። እንደ ልጅ ደስ አለኝ፤ ይህን አልደብቅዎትም። ከዚያ በችካሎቹ መካከል ተንበርክኬ ቆጠርኩና ዜሮ ብዬ ጻፍኩ።

ዛሬ ጠዋት የእምነት ቃሌን ለኃላፊው በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። ጠባቂው ሥራው የሚመለስለት የእርስዎ ቃል ከኔ ጋር ከገጠመ ነው። ሲጠይቁዎት «የጠራችልኝን ጻፍኩ፤ ችካሉ ውስጥ ያለውን ራሴ አላየሁም» ይበሉ። እውነቱ ይኸው ነው። አውቅዎታለሁ፤ ለተማሪዎ ሲሉ «ቆጠራዋ ልክ ነበር» ከማለት አይመለሱም። እባክዎን እንዳይሉ። እኔ ከእንግዲህ ለቆጠራ ደን እንደማልገባ ኃላፊው ቁርጡን ነግሮኛል። እኔን ለማዳን አይድከሙ፤ እሱን ያድኑት።

አክባሪ ተማሪዎ