ፔጆዋ በአሮጌው የደንገጎ ዳገት

ሐሙስ

ባለቤቴ ጀማል እሺ አለ! እስካሁን አላመንኩም። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ወዲህ ያቺን ፔጆ አንድ ቀን አስነድቶኝ አያውቅም። ጉልበቱን ከታመመ ጀምሮ እሱም አይነዳትም። ታክሲ ሆና ልጆቻችንን ያሳደገች መኪና ግቢ ውስጥ አቧራ ትጠጣለች። እሑድ ደግሞ አንድ መካኒክ ሊወስዳት ነው፤ ፈታትቶ ለመለዋወጫ ሊሸጣት። አንጀቴ አልቻለም። «በአሮጌው መንገድ ዳገቱን ወጥቼ ደንገጎ ካደረስኩህስ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ካደረስሽኝ ወላሂ አልሸጣትም።»

አሮጌውን መንገድ የመረጥኩት ወጣትነቱን የጨረሰበት ስለሆነ ነው አልኩት። ውሸት አይደለም። ግን አዲሱ ላይ ያ ሁሉ የጭነት መኪና ያስፈራኛል፤ እሱን አልነገርኩትም።

ዓርብ

ከቀፊራ ገበያ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ውሃ ገዛሁ። ጎረቤቴ አልማዝ ወሬውን ሰምታ፣ «አቦ፣ ኑዛዜሽን ጽፈሻል?» አለችኝ። «የወርቅ ጉትቻሽን ለኔ በይ።» ሳቅን፣ ሳቅን። ቤት ስገባ ግን ፍርሃቱ መጣ። ዳገት ላይ ሞተር ቢጠፋብኝስ?

ቅዳሜ

ገና አሁን ቤት ገባን።

ያ መንገድ እንዴት ያምራል! አስፋልቱን ሰንጥቆ ግራር በቅሏል፤ ጦጣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ መሐል ላይ ተቀምጣለች። ጀማል በየጥምዝምዙ «ክላክስ አድርጊ!» ይለኛል። «ማን አለና?» ስለው፣ «መንገዱ ለምዷል» ይላል። ወሬውማ አያልቅም፤ እዚህ ጋ ጎማ ቀይሯል፣ እዚያ ጋ ሙሽራ ከነቬሎዋ አስመልሳበታለች።

የፈራሁት አልቀረም፣ ዳገት ላይ ሞተር ጠፋብኝ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ቆመው ያዩኛል። «ውረጂ፣ እኔ ላውጣት» አለ ጀማል። «አልወርድም!» አልኩ። በዚያ ጉልበቱ ወርዶ ከጎማው ኋላ ድንጋይ አስደገፈልኝ። ተነሳሁ! ሴቶቹ እልል አሉ።

ትንሽ እንደሄድን መንገዱ አለቀ። ጎርፍ ቆርጦ ወስዶታል፤ የቀረው አስፋልት ከማዶ ይታያል። ማዞሪያ የለም። ያን ሁሉ ጥምዝምዝ ወደ ኋላ! ጀማል ከዘራውን ይዞ ወረደና ከኋላዬ ሄደ። «ነይ፣ ነይ… ቀኝ ያዢ… አብሽሪ፣ ነይ!» ገደሉን ላለማየት በመስታወት እጁን ብቻ እያየሁ ወረድኩ፤ ሰፊ ቦታ እስክናገኝ።

ስንመለስ ስለ ውላችን ትንፍሽ አላለም። እኔም ፈርቼ አልጠየቅሁም። ደንገጎ አላደረስኩትማ።

እሑድ

መካኒኩ በጠዋት ገመድና ፒካፕ ይዞ መጣ። ጀማልን ብፈልገው ቤት የለም። ለካ መኪናዋ ውስጥ ተጣጥፎ የሹፌሩን ወንበር ብሎን ይፈታል።

«ጀመርክልኝ እንዴ?» አለው ሰውዬው ደስ ብሎት።

«አይ፣ ወደ ፊት ላስጠጋው ነው። እግሯ ፍሪሲዮኑ ላይ በደንብ አይደርስም።»

ትናንት ሙሉ መንገድ በጣቴ ጫፍ ስረግጥ አይቶኛል ማለት ነው! ዝም ብል ምን አለበት? አፌ አያርፍ፣ «ደንገጎ ግን አልደረስንም» አልኩ።

ቀና እንኳን አላለም። «ያልደረሰው መንገዱ ነው። ይልቅ ያቺን አሥራ ሦስት ቁልፍ አቀብይኝ።»