አዝራሩን የሚጫን ጣት

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ አባባ? ወገብዎ እንዴት ነው? ያ ከእንቅልፍ የሚያነቃዎት ሳል ለቀቀዎት ወይ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ከሁሉ በላይ የዓይንዎ ነገር ያሳስበኛል። እህቴ እታለም በስልክ እንደነገረችኝ ግራው ጭራሽ ጨልሟል፤ በቀኙም ሰው መግባቱን እንጂ ማን እንደገባ አይለዩም። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን።

ይህን ደብዳቤ እታለም ናት የምታነብልዎት፤ ስለዚህ እሷንም እያሰብኩ ነው የምጽፈው። ቀዶ ሕክምናው ተደርጎ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የሚያዩት የእኔን ፊት እንደሆነ ለጎረቤት ሁሉ መናገርዎን ሰምቻለሁ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችንም «ልጁ ሸብቶ ከመጣ አባትየው ዓይናቸውን መልሰው ይጨፍናሉ» ብሎ ቀልዷል አሉ። እኔም እመጣለሁ ብዬ ነበር። አባባ፣ መምጣት አልቻልኩም። እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት።

የምሠራበት የመድኃኒት መጋዘን በየጠዋቱ ከሆስፒታሎች ፋይል ይቀበላል። የትኛው በሽተኛ ምን መድኃኒት እንደሚያስፈልገው ስለተጻፈበት በጥብቅ ይጠበቃል። ፋይሉን ለማውረድ የይለፍ ቃል ብቻ አይበቃም፤ ሰርተፍኬት የሚሉት አለ። የኮምፒውተር መታወቂያ ይበሉት። የእኛ ኮምፒውተር ያንን ካላሳየ የሆስፒታሉ ኮምፒውተር በሩን አይከፍትለትም። ሰርተፍኬቱ የወጣው በእኔ ስም ነው። አለቃችን በማን ስም ይውጣ ብላ ስትጠይቅ ሌላው ሁሉ ጫማ ጫማውን ሲያይ እጄን ያወጣሁ እኔ ነበርኩ። ሰው አገር የሚኖር ሰው፣ አንድ ቀን ቢቀር የሚፈልገው እንዳያጣ ይፈራል።

የዓይንዎን ነገር ስሰማ ፈቃድ ጠየቅኩ። አለቃዬ ፋይሉ ያላንተ የሚወርድ ከሆነ ሂድ አለችኝ። እኔም ፕሮግራም ጻፍኩ። ማንም ሳይቀሰቅሰው በሰዓቱ ይነሣል፣ ሰርተፍኬቱን ያሳያል፣ ፋይሉን ያወርዳል፣ ሙሉ መሆኑን አይቶ ወደ ማተሚያው ይልካል። ጠዋት ስገባ ወረቀቱ ትኩስ እንደሆነ አገኘው ጀመር። መድኃኒቱን ከመደርደሪያ የሚያወርደው ባልደረባዬ፣ ከቁመቱ የተነሣ ቀጭኔ የምንለው፣ «ታዲያ አንተ ምን ልትሠራ ትመጣለህ?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ደስ አለኝ። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ለእርስዎ የገዛሁትን ሹራብ ከታች አነጠፍኩ።

ባለፈው ሳምንት ከሆስፒታሎቹ ማሳሰቢያ መጣ። ሌቦች የሰው ሰርተፍኬት እየቀዱ ስላስቸገሩ ከእንግዲህ ኮምፒውተር ውስጥ አይቀመጥም። ከኮምፒውተሩ ጎን የምትሰካ፣ አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ላኩልን፤ ሰርተፍኬቱ የሚኖረው እሷ ውስጥ ነው። አንዲት አዝራር አለቻት። ፋይል በወረደ ቁጥር ባለቤቱ አዝራሯን መጫን አለበት፤ ጣቱንም ታውቀዋለች፣ የሌላ ሰው ጣት አትቀበልም። አሁን ፕሮግራሜ ሁሉን ነገር በሥርዓቱ ሠርቶ እዚያ ላይ ሲደርስ ይቆምና እኔን ይጠብቃል።

ቀጭኔ «በቃ ጣትህን ትተህልን ሂድ» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ያልሞከርኩት የለም። በአለቃዬ ስም ሌላ ይውጣልን ብለን አመለከትን፤ ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ የሚሰበሰበው ከእርስዎ ቀጠሮ በኋላ ነው። ሰርተፍኬቱን ወደሚያወጡት ስልክ ደወልኩ። ያነሣችው ልጅ ታሪኬን እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ወንድሜ፣ በጣም ገብቶኛል፤ ግን እኔም እዚህ የምነካው ነገር የለም» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ክፋት አልነበረም። አለቃዬም ብትሆን አዝናልኛለች። የምቆጣው ሰው እንኳ አጣሁ፣ አባባ።

ጥዬ ልምጣ ብዬም አስቤ ነበር። ዛሬ የወረደው ፋይል የሕፃናት ክፍል ነበር። ጠዋት ካልወረደ ከሰዓት የሚወሰደው መድኃኒት አይደርስም። እርስዎስ ቢሆኑ ጥለህ ና ይሉኝ ነበር? አይመስለኝም።

አሁን ልመናዬን ይስሙኝ። «ልጄ እስኪመጣ ቀጠሮውን አዛውሩልኝ» ብለዋል አሉ። እባክዎን ይህን አያድርጉ። ሐኪሙ ከዘገየ ቀኙም ይሄዳል ብሏል። እኔን ሲጠብቁ ዓይንዎ ከጠፋ በኋላ ብመጣ ምን ዋጋ አለው? በቀኑ ይሂዱ።

እታለም፣ ይህችን ለብቻሽ አንብቢያት። አባባ እሺ ካላሉሽ አትከራከሪያቸው፤ እማዬ ትለምናቸው፣ የእሷን ቃል አያልፉም። ፋሻው ሲፈታ አንቺ ፊት ለፊታቸው ቁሚ። በልጅነታችን መንታ ናቸው ይሉን የነበረው በግንባራችንና በቅንድባችን አልነበር? ፀጉርሽን ወደኋላ አስይዢው፣ ግንባርሽ በደንብ ይታያቸው። ሐኪሙ ጠዋት ነው የሚፈታው ብለሻል። እኔ ያን ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊት ቆሜ ጣቴን አዝራሯ ላይ አደርጋለሁ። ፋይሉ ይወርዳል። ከዚያ በላይ የማደርገው ነገር የለኝም።

እማዬን ጉልበቷን ስማችሁ ሰላም በሉልኝ። ለእታለም ባል፣ ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስዎት እሱ ነውና፣ ምስጋናዬ ይድረሰው። ጉንጫሙ የእህቴ ልጅ አያቱን እጃቸውን ይዞ መንገድ እንደሚያሻግር ሰምቻለሁ፤ ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳሙልኝ። ለልብስ ሰፊው ጎረቤታችንም ሰላምታዬን አቅርቡልኝ፤ እውነቱን ነው፣ ሸብቻለሁ በሉት።

እጅዎን እስማለሁ።

ልጅዎ

ከመድኃኒት መጋዘኑ፣ ከማተሚያው ክፍል
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን