ለነፋስ የሚሆን ጨርቅ

ሰኞ፣ መጋቢት 18

ለሷ ሰጣት። ባሌ፣ የገዛ ባሌ፣ የሸራውን ሥራ ለመሠረት ሰጣት! ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሠርግ ድንኳን ስሰፋ የኖርኩት እኔ ስመኝ እቤቱ ቁጭ ብዬ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌትነት በያጅ ነው። ከማንኩሳ ወዲህ ለሚኖሩት ለአያ ታከለ በነፋስ የሚዞር የውሃ መሳቢያ እየሠራላቸው ነው። የበርበሬ ችግኛቸው ሊደርቅባቸው ነው፤ በዚያ ዕድሜያቸው ጀሪካን እየተሸከሙ ያጠጣሉ። መንኮራኩሩ አራት ክንፍ አለው፣ በየክንፉ ሸራ ይወጠራል። መጀመሪያ የሰፋሁት እኔ ነበርኩ፣ ከወፍራሙ የድንኳን ሸራ። ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ይዞራል፤ ቀለል ያለ ሲመጣ ንቅንቅ አይልም። ጌትነት "ትንሽ ከበድ ብሏል" አለኝና ዝም አለ። እኔም ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ከሰው ሰማሁ። ከሰው መስማቴ ነው ያንገበገበኝ።

መሠረት ከባሕር ዳር ከመጣች ዓመት አልሞላትም። እዚያ ጣና ላይ ለሚሄዱ የመዝናኛ ጀልባዎች ሸራ ትሰፋ ነበር ይላሉ። ቆንጆ ናት። ይሄን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር፣ ግን ናት።

ማክሰኞ 19

ክር ልገዛ ብዬ ሱቋ ሄድኩ። ክር ሞልቶኛል። ጌትነት ተቀምጦ አገኘሁት።

"ይግቡ፣ ይቀመጡ" አለችኝ። ይግቡ! በስንት ብበልጣት ነው?

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ቁራጭ ጨርቅ ዘርግታለች። አንዱ የማስታወቂያ ባነር ነው፤ ውሃ አያስገባም፣ ግን ይከብዳል፣ ፀሐይ ከመታው በኋላም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው የጃንጥላ ጨርቅ ነው። ቀላል ነው፣ ግን በሰያፍ ሲስቡት ይለጠጣል። "ነፋሱ ሆድ ያወጣበታል፤ ጉልበቱ ክንፉን በማዞር ፈንታ ጨርቁን በመለጠጥ ያልቃል" አለች። ሦስተኛው ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲነኩት እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። በሁለት ስስ ላስቲክ መሃል ክር ተነጥፎ የተጣበቀ ነው፤ ክሩ የተነጠፈው ነፋሱ በሚስብበት አቅጣጫ ነው።

"በሰያፍ ይሳቡት እስቲ" ብላ ሰጠችኝ። እልህ ይዞኝ ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት። ወይ ፍንክች! ጌትነት ከት ብሎ ሳቀ። እቤት እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ሰንብቻለሁ።

ከጀልባ ሸራ የተረፈ ነው አለች። ለአራቱ ክንፍ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ የለም። ሦስቱን ሰፍታ ጨርሳለች።

ረቡዕ 20

ጌትነት የአራተኛውን ክንፍ ጨርቅ ቤት ይዞት መጣ። የክንፉ ብረት ግቢያችን ስላለ እሱ ላይ ሊለካው ነው። ነገ ማርያም ናት፣ መሠረት አትሠራም፤ ዓርብ ጠዋት ልትሰፋው ነው።

"እይው እስቲ፣ ስመኝ፣ ክብደት የሚባል የለውም እኮ!" ይለኛል፣ በመዳፉ እየዳሰሰው። ለኔ የገዛውን ቀሚስ እንኳ እንደዚያ ነክቶት አያውቅም።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ይሄን አንዱን እኔ ብሰፋውስ? የሷ ሦስት፣ የኔ አንድ፣ ጎን ለጎን ይሰቀል። ያኔ ሰው ይፍረድ።

ሐሙስ 21፣ ማርያም

ሰፋሁት። አዎ፣ በማርያም ቀን። ጌትነት ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። በሩን ዘጋሁ፣ ሬዲዮ ከፈትኩ፣ በስፌት መኪናዬ ቁጭ ብዬ ሰፋሁ። የጎረቤት ጆሮ ግን በሬዲዮ አይሸነፍም፤ ሰምተውኛል።

እንዴት እንዳማረልኝ! ለድንኳን ሰፊ ክብሩ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ነው። ሦስት ጊዜ ዞርኩበት፣ በአንዱ ስፌትና በሌላው መሃል ጤፍ አይገባም። የሷን አይቻለሁ፤ ሰፋፊ፣ ዚግዛግ፣ ልጅ የሰፋው ይመስላል። ለጀልባ ጌቶች እንደዚያ ስትሰፋ ኖራለች?

ማርያም ይቅር ትበለኝ። ሴት ናትና ይገባታል።

ዓርብ 22

እጄን በቆረጠው።

ጠዋት "ሰፍቼዋለሁ" ስለው ጌትነት ገለጥ አድርጎ አየውና አጣጠፈው። ወደ አያ ታከለ ማሳ ሄድን። መሠረትም መጣች። አራቱ ተወጠሩ። ቀለል ያለ ነፋስ መጣ፣ መንኮራኩሩ ዞረ! የኔም ከሦስቱ ጋር አብሮ ዞረ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። መሠረትን በጎን አየኋት።

ከዚያ ነፋሱ በረታ። ተርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኔው። በስፌቱ መስመር፣ ከደብተር እንደሚገነጠል ወረቀት፣ ከላይ እስከ ታች።

"በማርያም ሰፍታው እኮ ነው" አለች ለማየት ከተከተሉን ጎረቤቶቻችን አንዷ። አያ ታከለም "ምነው ልጄ፣ የእመቤታችንን ቀን እንኳ ብትተዪላት" አሉኝ። ተጠግቼ ሳየው ገባኝ። ማርያም አልቀደደችውም። መርፌዬ ነው። እኔ ክር አበዛሁ ስል ቀዳዳ ነው የደረደርኩበት። ያ ጨርቅ ጥቅጥቅ ስፌት አይወድም። መሠረት መጀመሪያ ጠርዙን በማጣበቂያ አጣብቃ ነው አልፎ አልፎ የምትሰፋው።

መሠረት የተቀደደውን ከክንፉ ፈትታ አጣጥፋ ያዘችው። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። አያ ታከለ ጀሪካናቸውን አንስተው ወደ ጉድጓዱ ወረዱ፤ የችግኙ ቅጠል ተኝቷል። ያን ሳይ ቅናቴን ራሱን ጠላሁት።

ቤት ስንገባ "ለምን አልጠየቅሽኝም?" አለኝ ጌትነት።

"አንተስ ለምን አልነገርከኝም?"

"ሸራሽ ከባድ ነው ብልሽ ሳምንት ሙሉ ታኮርፊያለሽ።"

"አኮርፋለሁ! ባኮርፍስ!" አልኩት። አኮረፍኩም።

ቅዳሜ 23

ብቻዬን መሠረት ጋ ሄድኩ። እግሬ አልሄድ ብሎኝ ነበር። "ጨርቁን አበላሸሁብሽ" አልኳት።

"ይድናል" አለች። የተበሳሳውን ጠርዝ ቆርጣ አወጣችው፣ ከቁርጥራጭ ጥብጣብ አወጣችና አጣበቀችበት። ከዚያ ቆም አለች። "ጥብጣቡ ብቻውን አይችልም፤ ገመድ ሊይዘው ይገባል። ገመድ በጠርዝ ማስገባት ደግሞ እኔ እጄ እሺ አይለኝም። ባሕር ዳር እያለሁ ሌላ ሰው ነበር የሚሠራው።"

እጇ እሺ አይላትም! እንዴት ደስ እንዳለኝ ያሳፍራል። ድንኳን ያለ ገመድ ይቆማል እንዴ? በጆንያ መርፌ፣ በእጄ፣ አራቱንም ክንፍ ገመድ አስገባሁላቸው። እሷ ጫፉን ያዘችልኝ።

እየሠራን "ጌትነት እዚህ ሲመጣ ምን ታወራላችሁ?" አልኳት፣ እንደ ዋዛ።

"ስለ ነፋስ" አለች። "ሌላ ወሬ ያውቃል እንዴ? አሰልችቶኛል በውነቱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና።"

አመንኳት። ወደ ማመኑ ነኝ።

ሰኞ 25

ዞረ። ቅጠል በማያንቀሳቅስ ነፋስ ዞረ! ውሃው መጀመሪያ ደፍርሶ መጣ፣ ኋላ ጠራ። አያ ታከለ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ፊታቸውን ታጠቡና ቆመው አለቀሱ። ጠርዙን ሳየው ነበር፤ ገመዴ ወይ ፍንክች።

"ሸራውን ማን ሰፋልህ?" አሉት ጌትነትን።

"መሠረትና ስመኝ" አላቸው።

መሠረትና ስመኝ! እዚያ ቻልኩት። ባጃጅ ላይ ስንወጣ ግን አልቻልኩም። "ለምን እሷን አስቀደምክ?"

ግራ ገብቶት አየኝ። "ታዲያ እንግዳ አይቀድምም? የቤት ሰው ነው እንዴ የሚቀድመው?"

ፈገግ ስል እንዳያየኝ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ነገ እሷ ጋ ሄጄ ያንን የማጣበቁን ነገር ልማር ነው። ጌትነት ሲሄድም ከእንግዲህ አብሬው ነው የምሄደው። ለጨርቁ ብዬ ነው።