ክርኑ አላልቅ ያለ ሹራብ

ልጄ፣ የማያንቀላፋው ጠባቂ በወጣህበት በገባህበት ይከተልህ። እኔ ደህና ነኝ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሠራችልኝን ግራጫ ሹራብ ለብሼው ውዬ አላውቅም። ካናቴራ ላይ ስለምለብሰው አንገቴን ይበላኝ ነበር፤ ይህን እንዳልነግራት አፈርኩ። ጠዋት ለብሼው እወጣና ማተሚያ ቤት ስደርስ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ እሰቅለዋለሁ። ስመለስ መልሼ እለብሰዋለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። "የዚህ ሹራብ ክርን ምነው አላልቅ አለ?" ስትለኝ፣ "እጅሽ ነዋ" እላት ነበር።

የላክኸው ሸሚዝ ደርሶኛል። "ከሹራቡ ጋር ደርበው" ያልከው ግን ግራ አጋባኝና ሸሚዙን ከላይ ደርቤ ወጣሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አየችኝና፣ "ጋሼ፣ ትራስ ውጠው ነው የወጡት?" አለችኝ። ለካ ሸሚዙ ከውስጥ ነው፤ ኮሌታው ብቻ ይወጣል። ጫፉም ከታች ብቅ ይበል አለችኝ። አንተን "ሸሚዝህን አስገባ" እያልኩ አይደል ያሳደግሁህ?

እንዳለችኝ ስለብሰው ሹራቡ አንገቴን አልበላኝም፤ ኮሌታው ከለለልኝ። መድኃኒቱ አንድ ኮሌታ ኖሯል። እናትህ ግን ታውቅብኝ ነበር? ስጸልይም ይኸው ጥያቄ ይመጣብኛል። ነግራህ እንደሆነ እባክህ ጻፍልኝ።

አምላክ ብርዱን ያቅልልህ፤ አንተም የሚቆረቁርህን አትደብቅ። ዛሬ ሹራቡን ከነኮሌታው ለብሼ ማተሚያ ቤት ገባሁ፤ ሚስማሩን አልፌው፣ ሳላወልቀው ዋልኩ።