ካድሬ የሚለው ቃል ከየት መጣ

ሰኞ

ዘይነባን ከክፍል አውጥተው ወሰዷት። ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች በሩ ላይ ቆሙ፤ አንደኛው በጣቱ ጠቀሳት፤ ደብተሯን ዘግታ ተነሣች። እኔ ጠመኔ እንደያዝኩ ቀረሁ። "ወዴት ነው?" እንኳ አላልኩም።

ምክንያቱን አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት የእንግሊዝኛ ቃላትን ከላቲን ሥራቸው ጀምሬ ሳስተምር ነበር። ሳላሪ፣ ከጨው። ("እንደ አሞሌ!" አሉ፤ ደስ አለኝ።) ሚኒስትር፣ ከአገልጋይ። ካንዲዴት፣ ነጭ ከለበሰ ሰው። አንዱ "ካድሬስ?" አለ። ማለፍ ነበረብኝ። አላለፍኩም። "ክዋድረም፤ አራት ማዕዘን" ብዬ ጻፍኩ። በጣሊያንና በፈረንሳይ ዞሮ የመጣ ነው አልኩ።

ዘይነባ ከኋላ፣ "ለዚህ ነዋ ጭንቅላቱ!" አለች።

የትምህርት ቤታችን ካድሬ የጓድ ፍሥሐ ጭንቅላት እውነትም አራት ማዕዘን ነው። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅሁ። በማግሥቱ እስከ ሆጤ ሰፈር ሱቆች ድረስ ሰውየው "ጓድ አራት ማዕዘን" ሆነ።

ማክሰኞ

አልተፈታችም። ቀበሌ ናት። አባቷ አባ ይማም ከቦሩ ሜዳ በእግራቸው መጥተው በር ላይ ጠበቁኝ።

"መምህር፣ ወላሂ ጥፋቷ አልገባኝም። ሰደበች አሉኝ። ምን ብላ? ብላቸው፣ አራት ማዕዘን ብላ። ይኸ ስድብ ነው? እኔ ቤት ሣጥኑም አራት ማዕዘን ነው።"

"ቃሉ የሮማውያን ነው አባባ" አልኳቸው።

"ታዲያ ሮማውያኑን አይዙም?"

ሳቄ መጣ። እሳቸው አልሳቁም።

"ያስተማሯት አንቱ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያ አንቱው ያውጡልኝ።"

ረቡዕ

ቀበሌው ፊት ለፊት ደርሼ ተመለስኩ። ከሰዓት ደግሞ ሄድኩ። ደግሞ ተመለስኩ። የምናገረውን ስለማመድ ዋልኩ። "ጓድ፣ ልጅነት ነው" ካልኩ ጥፋቱን አጸደቅኩባት። "ጓድ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" የሚለው ደግሞ ከአፌ አልወጣም። ጥፋት። ሥሩ መጥፋት ነው። ለዚህ ላቲን አያስፈልግም።

የመምህራን ማረፊያ ስገባ ወሬው ተቋረጠ። ሻይ ያቀረበልኝ የለም።

ሐሙስ

ጓድ ፍሥሐ አስጠራኝ። አስቀመጠኝም።

"ቃሉን ከየት አመጣኸው?"

"ከላቲን።"

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "ከላቲን አሜሪካ?"

አየሁት። አይቀልድም። ከኋላው ግድግዳው ላይ የኩባ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሏል።

"እንዲህ በላ! የኩባ ጓዶች ካድሬን እንዲህ ነው የሚሉት?"

ኩባ የምትናገረው ስፓኒሽ ነው። ስፓኒሽ የላቲን ልጅ ነው። ኩዋድሮ ይላሉ። "አዎ" ብል ውሸት አይሆንም። እውነትም አይሆንም።

"አዎ፣ ጓድ" አልኩ። ያ ይበቃ ነበር። አፌ ግን ቀጠለ። "በአራቱም በኩል የማይነቃነቅ ማለት ነው።"

ይኼኛው ውሸት ነው።

"በአራቱም በኩል!" ብሎ ጻፈው። "ታዲያ ልጅቷ የሰደበች አስመስለው ለምን አመጡብኝ?"

"ልጅቷም ይህንኑ ነው ያለችው፣ ጓድ።"

ወደ ቀበሌ ስልክ መታ። ስወጣ፣ "ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወርደህ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ወዛደሮች ታብራራለህ" አለኝ።

ከሰዓት ተፈታች። ሰው ነው የነገረኝ። ደስ ሊለኝ ይገባል።

ቅዳሜ

ኮምቦልቻ ሙቀቱ ጉሮሮ ያደርቃል። አዳራሹ ከፈረቃ በወጡ ሰዎች ተሞልቷል። ግማሾቹ ያንቀላፋሉ። ስለ ኩባ ጓዶች፣ ስለ አራቱ ጎኖች ተናገርኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል።

አንድ ሸማኔ እጁን አወጣ። "ጓድ መምህር፣ በአራቱም በኩል ድፍን ከሆነ በሩ በየት በኩል ነው?"

ከኋላ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ጓድ ፍሥሐ ወደ እኔ ዞረ። "ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስለት።"

"በር አያስፈልገውም" አልኩ።

አጨበጨቡ። ሸማኔውም አጨበጨበ፣ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል።

እሑድ

ዘይነባ ዓርብ ክፍል ስላልገባች ቦሩ ሜዳ ሄድኩ። አባ ይማም ከደጅ ተቀበሉኝ፣ መረቁኝ፣ እጄን ይዘው አስገቡኝ። ምርቃታቸው ከበደኝ።

እሷ በር አጠገብ ቆመች። ፊቷ ከስቷል።

"ነገ ትመጫለሽ?" አልኳት።

"ቲቸር፣ እውነት በአራቱም በኩል የማይነቃነቅ ማለት ነው?"

"ማን ነገረሽ?"

"ሲፈቱኝ ነዋ። ጮክ ብለሽ ድገሚ አሉኝ። ደጋግሜ አልኩላቸው።"

አባቷ አጠገቤ ተቀምጠዋል። "አይደለም" አልኳት። "አራት ማዕዘን ብቻ ነው።"

"እኔም ደብተሬ ላይ እሱን ነው የጻፍኩት" አለች።

አባ ይማም ሁለታችንንም አዩን። "ይህን ነገ ክፍል ውስጥ ይሉታል?"

ዓይኔን ጥግ ወዳለው ሣጥን መለስኩ።

"እንግዲያ ምን ልትማር ትመለስ?"

እሷ ናት የመለሰችላቸው። "እንግሊዝኛ ነዋ፣ አባባ።" ትቀልድ እንደሁ ከፊቷ አላወቅኩም። እሳቸው እሺም እምቢም አላሉም፤ "አላህ ያውቃል" ብቻ።

ነገ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእነ ዘይነባ ክፍል ነው። ሰዋስው አስተምራለሁ። ሰዋስው ማንንም አላሳሰረም፣ እስከ ዛሬ።