ውጭ ያደረው ጊታር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2
ቀኑን ሙሉ የመስኮት እንጨት ስልግ ዋልኩ። ወደ ማታ መምህር ይሥሐቅ ከዘመሮ መጣ፤ አምና የሠራንለትን ጊታር ይዞ። የጊታሩ ደረት ተሰንጥቋል። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ... እንጨት ምን ያድርግ?
አባባ አፈሩ። እንግዳው ሲሄድ፣ "ከእንግዲህ በዚህ ቤት ጊታር አይሠራም። በርና መስኮት ይበቃናል" አሉ።
አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ጊታር ሥራ የተማርኩት ለበር ነው እንዴ?

ሰኞ፣ ኅዳር 8
የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ትርሲት ለጊታር የሚሆን ካርቦን ፋይበር ላከችልኝ። ጥቁር ሽምን ጨርቅ ነው። ሙጫ አጠጥተው ቅርጽ ላይ ሲያነባብሩት ይደርቃል፤ ውርጭ አይሰነጥቀውም።
አባባ ዳበስ አደረጉት። "ሸሚዝ ልታሰፊው ነው?"
ሣቅሁ። ግን ተስማማን፦ ከዚህ የምሠራው ጊታር ውጭ አድሮ ድምፁ እንዳለ ከነጋ እቀጥላለሁ። ካልሆነ በር እሠራለሁ። ይሆናል! ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12
ሙጫው አልደረቀም። ጣቴ ተጣብቆ ቀረ... አዲስ አበባ የደረቀ ሁሉ መንዝም ይደርቃል ብዬ! ጅል ነኝ። ለካ ሙቀት ይፈልጋል። ታቅፌ ምድጃው ቤት አስገባሁት።
አባባ በበሩ ብቅ ብለው፣ "አሞታል እንዴ?"

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2
አለቀ። ደረቱን እንደ እንጨቱ አላወፈርኩትም፤ ካርቦን ሲሳሳ ነው የሚያስተጋባው። ክሮቹን ወጥሬ መታሁት... ከእንጨቱ ትንሽ ደረቅ ይላል፣ አልክድም። ግን እንዴት ይጠራል! አባባም መላጊያቸውን አቁመው ሰሙ። 
ዛሬ ውጭ ያድራል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ውርጭ አይቀርም። አልፈራሁም። እሺ፣ ትንሽ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3
ሲነጋጋ ወጣሁ። ሣሩ ነጭ ሆኗል። ጊታሩስ? በአባባ በርኖስ ተጠቅልሎ ተኝቷል! እሳቸው በስስ ጃኬት እየተንቀጠቀጡ ደጃፍ ቆመዋል።
"አባባ! ምን አደረጉ? ፈተናው ተበላሸ እኮ!"
"ኧረ ልጄ፣ እንዲህ ባለ ውርጭ... እንዴት ብዬ ልተኛ?"
ተናደድኩ። ሣቄም መጣ። ዛሬ ማታ ደግሜ አወጣዋለሁ ብላቸው ጊታሩን ታቅፈው ቤት አስገቡት።
ከሰዓት የራሳቸውን እንጨት ከመሥሪያው ጠረጴዛ ላይ እያነሡ ግድግዳ ሥር ደረደሩት። ጠረጴዛውን ጠረጉት።
"በይ፣ ለይሥሐቅም ሥሪለት" አሉኝ። "ብቻ ብርድ ላይ አታሳድሪው።"