ሰባት ረድፍ የመርፌ ቀዳዳ

ጥር 8
ዛሬም ጉልበቴ አላስነሳ አለኝ። እስከ ረፋድ ተጋደምኩ። ስነሳ የልጅ ልጄ የትምህርት ቤት ጉርድ ቀሚስ የስፌት መኪናው ላይ ተጥሎ ጠበቀኝ። ምንም አትለኝም፤ ምንም አልላትም። ወገቡን ፈታሁ፣ ሁለት ጣት ለቀቅ አደረግሁ፣ መልሼ ሰፋሁ። መጀመሪያ ስቆርጠው ብዙ ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ ማጠፌ በጀ። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቼ ማን ያውቅብኛል?
ከሰዓት ስትመለስ፣ «ዱባዬ፣ በሩ በቃሽ?» አልኳት።
«አባባ ደግሞ!» ብላ ሳቀች። ቀጥ ብላ ወደ ክፍሏ። በሩን ዘጋች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው... በዚህ ዕድሜ ያልተዘጋ በር የት አለ?
እናቷ ስለ ቀሚሱ አታውቅም። ልጄ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ናት። ልጅቷ ሳትነቃ ወጥታ እግሯን እየጎተተች ትገባለች። ለምን ላስጨንቃት?

ጥር 15
ከትምህርት ቤት ተደወለ። ስፖርት ላይ ትንፋሽ አጥሯት ቁጭ ብላለች። የሐኪም ወረቀት ይምጣ ተባለ።
ልጄ ተቆጣች። «ምን ሆነች? ትንሽ ሞላ አለች እንጂ! የዛሬ ሁለት ዓመት የተሰፋላትን ዩኒፎርም እኮ ነው እስካሁን የምትለብሰው። አይደለም እንዴ አባዬ?»
ሳል መጣብኝ። እውነተኛ ሳል አልነበረም።

ጥር 19
ሦስታችንም ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። የልጅቷን የደም ግፊት ለካች፣ ደሟን አስመረመረች፣ ከዚያ አንገቷን ከኋላ ገልጣ አየች። ጠቁሯል።
ልጄ ቀደም ብላ፣ «ታጠቢ ብላት አትሰማም!»
«እናቴ፣ ይሄ እድፍ አይደለም። ሰውነቷ ስኳሩን መቆጣጠር ሲያቅተው የሚመጣ ነው።»
ልጄ ስንት ወር በሳሙና የፈተገችው አንገት...
ግፊቷ ከዕድሜዋ በላይ። ስኳሯ ድንበሩ ላይ። የምታንኮራፋውም ከውፍረቱ ይሆናል ተባለ። እንዲሁ ከቀጠለ የስኳር በሽታ፣ ጉበት፣ ልብ... በአሥራ አምስት ዓመቷ! እነዚህ የእኔ ዕድሜ ወሬዎች አልነበሩ?
«ክብደቷ መጨመር የጀመረው መቼ ነው?»
«በቅርቡ ነው» አለች ልጄ። «ልብሷ ምስክር ነው።»
ሐኪሟ ግንባሯን ቋጠረች። እንዲህ በድንገት ከሆነ የሆርሞን ዕጢ ችግር ሊሆን ይችላል፣ ትልቅ ሆስፒታል ተኝታ ትመርመር ብላ መጻፍ ጀመረች። ልጅቷ አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ጥር 20
በሁሉ ነገር የሚቀልደው ምላሴ... የቀሚሱን ነገር ዛሬም አልተናገረም።

ጥር 22
መጀመሪያ ለልጅቷ ነገርኳት። «ለእናትሽ ልናገር ነው።»
«የመጀመሪያ ቀን ለማንም አልልም ብለህ ነበር!»
«ብያለሁ።»
«ከነገርካት አላናግርህም፣ አባባ።»
ለልጄ ነገርኳት። ቀሚሱን ገልብጬ መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት። ስፌት ሲፈታ የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል። ልጄ በጣቷ ቆጠረች። ሰባት ረድፍ።
«ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኔን ሸፈንከኝ?»
«እንዳታፍር ብዬ ነው...»
«እሷ እንዳታፍር ነው ወይስ እኔ እንዳላይ?»
ቀሚሱን ማጣጠፍ ያዝኩ፤ ቀልደኛው እኔ!

ጥር 24
ክሊኒክ ተመልሰን እውነቱን ስንነግራት ሐኪሟ የሆስፒታሉን ወረቀት መልሳ ወሰደች። ቀስ በቀስ የመጣ ከሆነ ቀስ በቀስ ይስተካከላል አለች። መራብ የለም። ጣፋጭ መጠጥ ከቤት ይውጣ። በየቀኑ መራመድ፣ በጊዜ መተኛት፤ ደግሞ እሷ ብቻ ሳትሆን ቤቱ ሁሉ። ከሦስት ወር በኋላ ደም እንደገና ይታያል።
ልንወጣ ስንል፣ «አባቴ፣ ዱባ የሚሏት እርስዎ ነዎት?»
«ለፍቅር እኮ ነው!»
«እንደዚያ ካሏት ወዲህ በር ዘግታ ነው የምትበላው። ራሷ ነገረችኝ።»
ስትስቅ ነበር እኮ... ከሳቋ በኋላ የሚዘጋውን በር አስቤው አላውቅም።

የካቲት 11
አታናግረኝም። እናትና ልጅ ፀሐይ ስትበርድ ይራመዳሉ። «ልከተላችሁ?» ብል መልስ የለም። ሠላሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቼ ተከተልኳቸው። እስከ ድልድዩ። ጉልበቴ እየረገመኝ። ልጠራት ፈለግሁና በምን ልጥራት? ስሟን ከጠራሁት ስንት ጊዜዬ...

መጋቢት 3
ምሳ ላይ «ጨው አቀብለኝ» አለችኝ። ሁለት ቃል። «ግፊትሽስ?» ልላት ነበር። ዋጥኩት። አቀበልኳት።

ሚያዝያ 25
ውጤት ቀን። ስኳሯ ከድንበሩ ትንሽ ወረድ ብሏል። ግፊቷ ያው ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ኪሎ ቀንሳለች። «ገና ነው፤ ግን መንገዱ ይሄ ነው» አለች ሐኪሟ። ልጄ ወንበሩ ላይ እንዳለች ዓይኗን ጨፈነች። ደክሟታል። ሁላችንም ደክሞናል።
ልጅቷ ግን አልተነሳችም። «ዶክተር፣ እሱንም ለኪልኝ። ከኋላችን ሲከተል ትንፋሹ ይሰማኛል።»
ይሰማት ነበር ለካ!
ተለካሁ። የእኔ ግፊት ከእሷ እጅግ ይበልጣል። በሰባ አራት ዓመቴ ኪኒን ተጻፈልኝ።
ስንወጣ ልጅቷ ደረጃው ላይ ክርኔን ያዘች። መሐል ላይ ቆምኩ፤ ቆመች።
«ተደብቀህ መከተልህ ነው? እንደ ባቡር እየተነፈስክ!»
«ታዲያ ምን ላድርግ?»
«ከነገ ጀምሮ ከፊታችን ሂድ» አለችኝ። «ስትወድቅ እንድናይህ።»